ለበዓል የተከራዩት መኪና ነዳጅ የሚያልቀው የት ላይ ነው?

የበዓል ሰሞን በተቃረበ ቁጥር ለዚህ ዓምድ የሚደርሱት ጥያቄዎች ወደ አንድ ጉዳይ ያደላሉ፤ ይኸውም መኪና ተከራይቶ ከከተማ ስለ መውጣት ነው። ከዘንድሮዎቹ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ነዳጅ የሚጠይቁ በመሆናቸው አራቱን መርጠን አንድ ላይ መልሰናል። ለቦታ ስንል ብናሳጥራቸውም ፍሬ ነገራቸውን አልነካንም።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ነው። ባለፈው ዓመት ለገና መጥቼ አዲስ አበባ ላይ ባለ ሰባት መቀመጫ የቤንዚን መኪና ያለ ሾፌር ተከራየሁና ባለቤቴን፣ ሁለት ልጆቼንና እናቴን ይዤ ሐዋሳ ደርሼ ተመለስኩ። ስንሄድ ጌጁ ብዙም ሳይወርድ ደረስን። በዚያው መንገድ ስንመለስ ግን ነዳጁ እየታየን ወረደ፤ አዲስ አበባ ልንገባ ስንል ቢጫው መብራት በራ። መኪናውን ሳስረክብ ለአከራዩ ብነግረው «መኪናው ምንም የለበትም» አለኝ፤ እኔ ግን አላመንኩትም። ዘንድሮም ያንኑ ጉዞ አስበናል። መኪናው ችግር ነበረበት ወይስ ጥፋቱ የእኔ ነው? ርካሽ ቤንዚን የሚሸጥ ማደያስ በየትኛው በኩል ይገኛል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንነሣ። በሚኖሩበት አገር በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ትይዩ የቆሙ ሁለት ማደያዎች ሁለት ዋጋ ይለጥፋሉ፤ እዚህ ግን የነዳጅን የችርቻሮ ዋጋ የሚተምነው መንግሥት ስለሆነ በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ማደያዎች ሁሉ የሚሸጡት በአንድ ዋጋ ነው። ከከተማ ከተማ የሚታየውም ልዩነት በአብዛኛው የማጓጓዣ ወጪ የሚያመጣው ነው። ስለዚህ ርካሽ ማደያ ፍለጋ መዞር ነዳጅ ያባክናል እንጂ አይቆጥብም። በመንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ ተሞልቶ የሚሸጠውን ግን ወረፋው ቢያስመርርዎትም አይንኩት፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቅ የለም፤ የተከራዩት መኪና ሞተር ቢበላሽ ደግሞ ከፋዩ እርስዎ ነዎት።

አከራዩን በተመለከተ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ እውነቱን ሳይነግርዎት አልቀረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስትሄዱ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በመቂ በኩል እስከ ዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ድረስ ቀስ በቀስ ትወርዳላችሁ፤ የሐይቁ ከፍታ 1,636 ሜትር ነው። ቁልቁለቱ ዓይን የሚገባ ገደል ስላልሆነ ነጂው ሜዳ ላይ የሚነዳ ይመስለዋል፤ መኪናው ግን ከፊል መንገዱን በራሱ ክብደት እየተገፋ ነው የሚሄደው። ስትመለሱ ያ ሁሉ ቁልቁለት ዳገት ይሆናል። ሰውና ዕቃው ተጨምሮ 2,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ፣ ሞተሩ ከቤንዚኑ ኃይል ለጎማ የሚያደርሰው ሩቡን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ለከፍታው ብቻ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል። ሲወርድ የቆጠበውን ሲወጣ ከጨመረው ጋር ስታነጻጽሩት በመሄድና በመመለስ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 3 ሊትር ሊጠጋ ይችላል። የብዙ መኪኖች ጌጅ ደግሞ የላይኛውን ግማሽ በዝግታ፣ የታችኛውን ግማሽ በፍጥነት ስለሚያሳይ ልዩነቱን ከእውነቱ የባሰ ያስመስለዋል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የመመለሻውን ነዳጅ በመሄጃው ልክ አያስቡ።

መኪናው ራሱ ነዳጅ ይበላል ብለው ከጠረጠሩ ጌጁን ትተው በሊትር ይለኩ። ሲነሡ ሙሉ ይሙሉና የጉዞ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ሐዋሳ ሲደርሱ እንደገና ሙሉ ይሙሉ። ለ275 ኪሎ ሜትር 24 ሊትር ከገባለት በ100 ኪሎ ሜትር 8.7 ሊትር ገደማ ፈጅቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ሲመለሱ 28 ሊትር ከገባለት ደግሞ 10.2 ይሆናል። የሁለቱ አማካይ 9.5 ገደማ ስለሚመጣ ለባለ ሰባት መቀመጫ መኪና ጤነኛ ቁጥር ነው። አማካዩ 14 ወይም 15 ቢመጣ ግን ለአከራዩ የሚያሳዩት ማስረጃ በእጅዎ አለ።

አሁን በእርስዎ እጅ ወዳለው ነገር እንምጣ። በሜሪላንድ መንገድ የለመደ ነጂ አዲስ አበባ ላይ መኪና ሲይዝ በመጀመሪያ የሚሰማው «ይህ መኪና ጉልበት የለውም» የሚል ስሜት ነው። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ተርቦ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያምቅ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ጉልበቱን ያጣል። ነጂውም ለማካካስ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲታዘዝ ደግሞ ከሚገባው በላይ ቤንዚን እንዲጨመርለት ተደርጎ የተሠራ ነው። መኪናው የሚችለውን ያህል ይስጥዎት፤ ዳገት ላይ ፍጥነቱ በ10 ወይም በ15 ኪሎ ሜትር ቢቀንስ ይተዉት፤ አናቱ ላይ ሲደርስ ያገግማል።

ከአዲስ አበባ ሲወጡ የሚያገኙት የፍጥነት መንገድ፣ በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዳማው መንገድ፣ ለጥ ያለና የሚያጓጓ ነው። ፈተናውም እዚያ ላይ ነው። አየር መኪናውን የሚገታበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከ100 ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጨምሩ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ቢያድግም የአየሩ ግፊት በ44 በመቶ ይጨምራል። በምላሹ የሚያገኙት በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ 10 ደቂቃ ነው። ያንን 10 ደቂቃ ቢሾፍቱ ላይ ለቡና ሲቆሙ ሳያውቁት ያጠፉታል። ምልክቱ ከሚፈቅደው በላይ አለመሄድ ሕግ ነው፤ ለኪስ ሲባል ግን ከ90 እስከ 100 ባለው መካከል ረግቶ መሄድ ይበቃል።

ከፍጥነት መንገዱ ወጥተው ወደ ነባሩ መንገድ ሲገቡ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አርሲ ነገሌ ወይም ሻሸመኔ ውስጥ አንድ ነጂ ሲነዳ ልብ ብለው ይመልከቱ። ብሬከሩን አለፈ፤ ጋዝ ሰጠ፤ ሁለት መቶ ሜትር ሄዶ የአህያ ጋሪ ሲያይ ፍሬን ያዘ፤ ጋሪውን ቀደመ፤ እንደገና ረገጠ፤ ባጃጅ ድንገት ታጥፎ ገባበትና እንደገና ፍሬን። በእያንዳንዱ ፍሬን ላይ የገዛው ቤንዚን የፍሬኑ ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሌላው ነጂ ጋሪውን ከሩቅ አይቶ እግሩን ከፔዳሉ ያነሣል፤ መኪናው በራሱ ፍጥነቱን እየቀነሰ ሲደርስ ከፊት የሚመጣው አይሱዙ አልፏል፤ ሳይቆም ይቀድማል። ሁለቱም ሐዋሳ የሚደርሱት በተቀራራቢ ሰዓት ነው። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ባወጣው አኃዝ መሠረት እየረገጡና እየያዙ መንዳት ቆም ሂድ በሚበዛበት መንገድ የነዳጅ ብቃትን ከ10 እስከ 40 በመቶ ያወርዳል። እኔ ከዚህ የሚበልጥ የቁጠባ ምክር አላውቅም፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ሕፃናት፣ ከብቶችና ጋሪዎች በሚበዙበት በዚያ መንገድ ላይ ከሩቅ አይቶ መንዳት የሰውም ነፍስ ያድናል፤ እናትዎም ከኋላ ወንበር ሳይናወጡ ይደርሳሉ።

ጎማውን ሳያዩ ግን ከአከራዩ ግቢ አይውጡ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከአንድ አከራይ የወሰድኩትን መኪና ሞጆ ላይ ወደ ጎሚስታ ወሰድኩት፤ ለዓይን ምንም አይታወቅም ነበር። ልጁ መለኪያውን በየጎማው አፍ እየሰካ ሲያነብልኝ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች 24 ፒ.ኤስ.አይ. (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ሆነው ተገኙ፤ በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ የሚያዘው ደግሞ 33 ነበር። «ይኼን ይዘው ሐዋሳ ሊሄዱ ነው?» ያለኝ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እንዲህ ያለው ጉድለት በነዳጅ ረገድ የሚያስከፍለው ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ትልቅ አይደለም። ነገር ግን የረገበ ጎማ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት፣ በሙሉ ጭነት፣ በፍጥነት መንገድ ላይ ሲሄድ ይግላል፤ የሚፈነዳውም እንዲህ ሆኖ ነው። ስለዚህ የበሩን ጽሑፍ አንብበው፣ ጎማው ሳይሞቅ ያስነፉ። ትርፍ ጎማውንም አይርሱ።

ፖርቶ መጋላ ላይ ሻንጣ የሚጭኑ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያስቡ። ጣሪያ ላይ የሚጫን የዕቃ ሣጥን በፍጥነት መንገድ ላይ፣ በሰዓት ከ105 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ የነዳጅ ብቃትን ከ10 እስከ 25 በመቶ እንደሚቀንስ ያው ሚኒስቴር ያስረዳል፤ 45 ኪሎ ግራም ዕቃ መኪናው ውስጥ ሲጨመር ግን የሚጎዳው በ1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከአሜሪካ ያመጡትን ትልልቅ ሻንጣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ትተው ለሦስት ቀን የሚበቃውን ልብስ ብቻ ከኋላ ወንበር ጀርባ ቢያስገቡ ይሻላል።

ማቀዝቀዣውን በተመለከተ፣ በታኅሣሥና በጥር አዲስ አበባ ላይ አያስፈልግዎትም። ዝዋይ አካባቢ ሲሞቅ በከተማ ውስጥ መስኮት ይክፈቱ፤ በፍጥነት መንገድ ላይ ግን መስኮት ዘግቶ ማቀዝቀዣውን በመጠኑ ማብራት ይመረጣል።

በመጨረሻም አንድ እንግዳ የሚያደናቅፍ ጉዳይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማደያ ላይ ነዳጅ የሚከፈለው በዲጂታል መንገድ፣ በአብዛኛው በቴሌብር ነው። ብር በእጅዎ ይዘው ቢቆሙም ላይሸጥልዎት ስለሚችል፣ ሲም ካርድ አውጥተው ቴሌብር ላይ በቂ ገንዘብ አስቀድመው ያስገቡ። በክልል ከተሞች ነዳጅ የሚጠፋበት ቀን ስላለ ጌጁ ግማሽ ሲደርስ ይሙሉ፤ ወረፋው ረዥም ከሆነ ሞተሩን አጥፍተው ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት መኪና ከነሾፌሩ ተከራይተን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ሄድን። ነዳጁ በእኛ ነበር። የዓባይን በረሃ መውረድ ስንጀምር ሾፌሩ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መኪናውን ለቀቀው። «ለእናንተ ነዳጅ እየቆጠብኩ ነው» አለን። እህቴ ፈርታ ዝም አለች፤ እኔም ምን ማለት እንዳለብኝ አላወቅሁም። እውነት ይቆጥባል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይቆጥብም። ቢቆጥብም ኖሮ አይፈቀድም።

ሾፌራችሁ ሐሰት ሊነግራችሁ አስቦ አይመስለኝም፤ ትምህርቱን ያገኘው ከቀድሞዎቹ መኪኖች ነው። ካርቡሬተር በነበረበት ዘመን ሞተሩ በማርሽ ሲወርድም ቤንዚን ይጠጣ ስለነበር ዜሮ ማድረግ ጥቂት የሚያተርፍበት ጊዜ ነበር። የዛሬዎቹ መኪኖች ነዳጅ የሚረጩት በኮምፒዩተር ትእዛዝ ነው። መኪናው በማርሽ ላይ ሆኖ ነጂው እግሩን ከነዳጅ ፔዳሉ ሲያነሣ ጎማው ሞተሩን ስለሚያዞረው ኮምፒዩተሩ መርጨቱን ጨርሶ ያቆማል፤ በዚያ ሰዓት የሚቃጠል ነዳጅ የለም። ማርሹ ዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩን የሚያዞረው ስለሌለ እንዳይጠፋ በሚኒሞ መሥራት ግድ ይሆንበታል፤ ለዚያም ነዳጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ሾፌራችሁ ቁልቁለቱን የወረደው ነዳጅ እያቃጠለ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ፍሬኑ ነው። ከጎሐ ፅዮን ጫፍ እስከ ድልድዩ ድረስ መንገዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከድልድዩ ወደ ደጀን ደግሞ ያንኑ ያህል ይወጣል። ማርሽ በሌለበት ያንን ሁሉ ክብደት የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቅተዋል፤ የፍሬኑ ዘይት ከፈላም ፔዳሉ ወለል ድረስ ገብቶ ምንም አይመልስም። ሞተሩንም የሚያጠፉ አሉ፤ ያ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ለፍሬኑ ጉልበት የሚጨምረው አጋዥም ከጥቂት ርግጫ በኋላ ይለቃል። በመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት የሚነገረው ደንብ አሁንም ትክክል ነው፦ ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነ «ዲ» ላይ ሳይተዉት ወደ ታችኛው ማርሽ ያውርዱት።

በሚቀጥለው ጊዜ ዝም አትበሉ። ከመነሣታችሁ በፊት «ወንድሜ፣ ነዳጁ በእኛ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ግን በማርሽ ውረድልን» ብሎ በመልካም ቃል መንገር ነውር አይደለም። አከራዩም ይህ በውሉ ላይ እንዲጻፍ ብትጠይቁት እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም። በዚያ መስመር ከመጓዝ በፊት የመንገዱን ደኅንነት ማጣራትም አይዘንጋ።

ጥያቄ፦ የተከራየነው የናፍጣ ቫን ሾፌር በየጠዋቱ ለሩብ ሰዓት ሞተር ያሞቃል፤ ገዳም ስንሳለምም ማቀዝቀዣ ከፍቶ ይጠብቀናል። ይህ ልማድ ምን ያህል ያስከፍለናል? (ከአዳማ)

መልስ፦ በቆመበት የሚሠራ ሞተር እንደ መጠኑና እንደ ማቀዝቀዣው በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ከሆነ በአምስት ቀን ጉዞ ከ10 እስከ 20 ሊትር ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። ጠዋት ግማሽ ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ኪሎ ሜትር በለዘብታ መንዳት ቆሞ ከማሞቅ ይሻላል። ተርቦ ያለው ናፍጣ ረዥም ዳገት ወጥቶ እንደቆመ ግን ሞተሩን ከማጥፋቱ በፊት አንድ ደቂቃ ያህል ቢያቆየው ትክክል ነው፤ በዚህ አትከራከሩት። ገዳም በር ላይ መኪናውን ከዛፍ ጥላ ሥር ያቁመው፤ ስትመለሱም ለአንድ ደቂቃ በሮቹን ከፍታችሁ የታመቀውን ሙቀት አስወጡ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዳላስ ነው። ለፋሲካ ዴንቨር፣ አውሮራ ያሉ ዘመዶቻችን ጋር እንሄዳለን፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው መኪና እንከራያለን። አከራዩ «ነዳጁን አሁን ቅድሚያ ይክፈሉና ባዶ አድርገው ይመልሱ፤ ዋጋውም ከማደያ ይቀንሳል» ይላል። ይጠቅማል? እዚያ ማደያ ላይ 85 የሚል ቤንዚን እንዳለም ሰምተናል፤ እኛ የምናውቀው 87ን ነው። ልጆቹን ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ልናወጣም አስበናል።

መልስ፦ ቅድሚያ የሚከፈለው ለሙሉ ታንክ ሲሆን ያልተጠቀሙበት አይመለስም። ታንኩ 14 ጋሎን ቢይዝና ጋሎኑ ማደያ ላይ 3 ዶላር፣ አከራዩ ጋ 2.80 ቢሆን፣ ቅድሚያ የሚከፍሉት 39.20 ነው። የምትጠቀሙት 9 ጋሎን ብቻ ከሆነ ከማደያ በ27 ዶላር ትሞሉታላችሁ። የ12 ዶላር ልዩነት ለአከራዩ በነጻ የቀረ ነው። ባዶ አድርጎ ለመመለስ መሞከር ደግሞ መንገድ ላይ መቆምን ያመጣል። ቅናሹ የሚያዋጣው ታንኩን ጨርሳችሁ እንደምትመልሱ እርግጠኛ ከሆናችሁ፣ ወይም በረራችሁ ሌሊት ሆኖ ማደያ መፈለጊያ ጊዜ ከሌላችሁ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሳይሞሉ፣ ቅድሚያም ሳይከፍሉ መመለስ ነው፤ ያኔ አከራዩ በጋሎን የሚያስከፍለው ከማደያው እጅግ የበለጠ ይሆናል።

ቁጥሩ ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ ያለውን አቅም የሚያሳይ፣ ኦክቴን የሚባል መለኪያ ነው። 85 የሚባለው በኮሎራዶ ከፍታ የተለመደ ርካሹ ቤንዚን ነው። ልማዱ የመጣው የሳሳው አየር የድሮዎቹን ሞተሮች ስለማያስጨንቃቸው ነበር። የዛሬዎቹ፣ በተለይም ተርቦ ያላቸው፣ አየሩን ራሳቸው ስለሚያምቁ ይህ አይሠራላቸውም፤ አምራቾችም በአብዛኛው 87ን ዝቅተኛው አድርገው ይጽፋሉ። የነዳጅ ክዳኑን ከፍታችሁ የተጻፈውን አንብቡ፤ 87 ካለ በመካከለኛው እጀታ ሙሉ። 91 የማይጠይቅ መኪና ላይ 91 መሙላት ግን ገንዘብ መጣል ነው።

ፓይክስ ፒክ 4,302 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸን ጥቂት ቢያንስም ከእርሱ ጋር የሚፎካከር ነውና ቢያንስ ግማሽ ታንክ ይዛችሁ ውጡ። ስትወርዱ ግሌን ኮቭ በሚባለው ቦታ ጠባቂዎች የእያንዳንዱን መኪና የፍሬን ሙቀት ይለካሉ፤ የጋለበትን እስኪበርድ ያስቆሙታል። ለዓባይ በረሃ የተናገርነው በሙሉ ለእዚያም ይሠራል፤ ከጫፉ ጀምራችሁ በታችኛው ማርሽ ውረዱ።

መኪናውን ስትረከቡ የጌጁንና የኪሎ ሜትሩን ፎቶ አንሡ። ስትመልሱ አውሮፕላን ማረፊያው ደጃፍ ላይ ካለው ማደያ ጥቂት ማይል ቀደም ብላችሁ ብትሞሉ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ አንዳንድ አከራዮች ግን ከቅርብ ማደያ የተቆረጠ ደረሰኝ ስለሚጠይቁ አስቀድማችሁ ውሉን አንብቡ። ከዚያም ሙሉ መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ፎቶ አንሡ፤ ደረሰኙንም የኪራዩ ሒሳብ በካርዳችሁ ላይ ተዘግቶ እስክታዩት ድረስ አትጣሉት።